ሃምሳ ጥይት፣ ሃምሳ ዓይነት ርዝመት

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ጡረተኛ አሜሪካዊ ከአደን ጋር ካስተዋወቁኝ አራት ዓመት ሆኖኛል። በቅርቡ ደግሞ የተተኮሰ ቀለህ መልሶ መሙላት አስተማሩኝና በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚሠራ ያገለገለ ፕሬስ (መጭመቂያ መሣሪያ) ገዝቼ ጋራዥ ውስጥ ተከልሁ። ጠመንጃዬ .308 ዊንቸስተር የተባለውን ጥይት የሚጎርስ ነው። ለዒላማ ልምምድ ብዬ ጫፉ ክፍት በሆነ፣ 168 ግሬይን በሚመዝን አረር ሃምሳ ጥይት ሞላሁ። የባሩዱን መጠን ከመመሪያ መጽሐፉ የመነሻ ቁጥር አላሳለፍሁም። ቀለሆቹ ግማሾቹ ራሴ የተኮስኋቸው፣ ግማሾቹ ከተኩስ ሜዳ የለቀምኋቸው ናቸው፤ ሁሉንም በውሃና በብረት መርፌ አጥቤ እንደ አዲስ ያብረቀርቃሉ። መጽሐፉ ጠቅላላ ርዝመቱ 2.800 ኢንች ይሁን ይላል፤ የእኔዎቹ ግን ከ2.793 እስከ 2.811 ይለያያሉ። አንዱ ረዝሞ ሲወጣ ዳዩን (ፕሬሱ ላይ ተጠምዶ አረሩን ወደ ቀለሁ የሚያስገባውን ዕቃ) ጠበቅ፣ አጥሮ ሲወጣ ላላ እያደረግሁ ለማስተካከል ሞከርሁ፤ የረዘሙትንም መልሼ ገፋኋቸው። ነገሩ ግን ባሰ እንጂ አልተሻለም። አንድ ጓደኛዬ «ቀለሆቹን በአንድ ልክ ካልቆረጥህ አይስተካከልም» ይለኛል፤ ሌላው «ፕሬሱን ጣለው» ይላል። አዲስ ፕሬስ ልግዛ? የሞላኋቸውንስ ልተኩሳቸው? ከጓደኞቼ አንዱ ደግሞ ሥራው ሲለምድልኝ ለእሱም እንድሞላለትና ዋጋ እንዲከፍለኝ ይፈልጋል። ይህስ ይቻላል?

አዳኙ፣ ከኦሮራ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሃምሳዎቹን ጥይቶች በአንድ ሳጥን ሰብስበው፣ በላዩ ላይ «ያልተመረመረ፣ አይተኮስም» ብለው ጽፈው ያስቀምጡልኝ። ፕሬስም አይግዙ። ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት ችግሩ ከፕሬሱ የመጣ አይመስለኝም፤ ከሌላ ቦታ የመጣውን ልዩነት ደግሞ ዳዩን በየጥይቱ በማዞርዎ ሳያስቡት አብዝተውታል። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም። ሥራውን በጥንቃቄ ስለሚሠሩ፣ ስለሚለኩና ልዩነቱም ስላሳሰበዎት ነው እዚህ የደረሱት። የማይለካ ሰው ይህ ጥያቄ አይመጣበትም።

በቃላቱ እንግባባ። ጥይት እንደ ገንዘብ ጭምር ከእጅ ወደ እጅ ትዞርባት የነበረች አገር ልጆች ስለሆንን ለክፍሎቿ የሚበቃ ቃል አለን፤ ችግሩ ዛሬ ሁሉንም «ጥይት» እያልን ማደባለቃችን ነው። እኔ እዚህ ቀለህ የምለው የነሐሱን ዕቃ፣ አረር የምለው ከአፈሙዝ የሚወጣውን ክፍል፣ ባሩድ የምለው በመካከላቸው ያለውን ዱቄት ነው። ጥይት የምለው ደግሞ ሁሉም ተገጣጥሞ ሲያልቅ ነው። በቀለሁ ግርጌ መካከል የምትቀመጠውን ተቀጣጣይ ቆብ በዚህ አገር ሁላችንም ፕራይመር ስለምንላት እንዲሁ እጠራታለሁ።

መጽሐፉ «ጠቅላላ ርዝመት» የሚለው ከቀለሁ ግርጌ እስከ አረሩ ጫፍ ያለውን ነው። በአሜሪካ የስፖርት ጦር መሣሪያና ጥይት አምራቾች ተቋም፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1926 የተመሠረተው ሳሚ፣ ለ.308 ዊንቸስተር የወሰነው ጣሪያ 2.810 ኢንች ነው። ይህ ቁጥር ጥይቱ በማንኛውም በልኩ በተሠራ ጠመንጃ ካዝና ውስጥ ያለ ችግር እንዲገባና እንዲጎረስ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ 2.811 የወጣው ጥይትዎ ከጣሪያው በአንድ ሺህኛ ኢንች አልፏል ማለት ነው፤ የአንድ የሰው ጸጉር ውፍረት ወደ ሦስት ሺህኛ ገደማ መሆኑን ካሰብን ይህ ትንሽ ነገር ነው። በትንሹና በትልቁ መካከል ያለው የ18 ሺህኛ ልዩነት ግን ዝም የሚባል አይደለም። ዝም የማይባለውም 18 በራሱ አደገኛ ቁጥር ስለሆነ ሳይሆን፣ ምን እንደሚነግረን ገና ስላላወቅን ነው።

የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። አረሩን ወደ ቀለሁ የሚያስገባው የዳዩ ገፊ ዘንግ የአረሩን ጫፍ አይነካም፤ ወይም መንካት የለበትም። ዘንጉ ከውስጥ የተቦረቦረ ስለሆነ አረሩን የሚይዘው ከጫፉ ዝቅ ብሎ፣ ጎኑ መጥበብ ከጀመረ በኋላ ባለው ቅስት ላይ ነው። እርስዎ ግን በካሊፐር፣ በዚያ ባለ መንጋጋ መለኪያ፣ የሚለኩት እስከ ጫፉ ድረስ ነው። አንዱን ቦታ እየገፉ ሌላውን ቦታ ይለካሉ። አሥር ወታደሮች በትከሻ እኩል ሆነው ቢሰለፉና ቁመታቸውን ከነጎፈሬያቸው ብንለካ፣ የምናገኘው ልዩነት የቁመታቸው ነው ወይስ የጸጉራቸው?

የእርስዎ አረር ደግሞ ጎፈሬው የበዛ ዓይነት ነው። ጫፉ ክፍት የሆነ የዒላማ አረር ሲሠራ የመዳቡ ልባስ ግርጌው ተደፍኖ እንደ ትንሽ ኩባያ ይዘጋጃል፤ እርሳሱ በላይ በኩል ይገባና አፉ ተጨምቆ እየጠበበ ይሾላል። አፉ የሚገጥምበት ያ ጫፍ ከአረር አረር እኩል አይሆንም፤ አንዱ ትንሽ ይጎረዳል፣ አንዱ ትንሽ ይሾላል፣ አንዱ ሸካራ ይሆናል። ከአንድ ሳጥን በወጡ አረሮች መካከል የ0.010 ኢንች (አሥር ሺህኛ የምለው ይህንን ነው) ልዩነት ማግኘት የተለመደ ነው። ፋብሪካው ይህን ያውቀዋል፤ ለትክክለኛ ተኩስ የሚያስፈልገው የግርጌውና የቅስቱ እኩልነት እንጂ የጫፉ ስላልሆነ ነው የሚተወው። ለአደን በሚሠሩት ጫፋቸው እርሳስ በሆኑ አረሮች ይህ ይብሳል፤ እርሳሱ ለስላሳ ስለሆነ በሳጥኑ ውስጥ እርስ በርሱ እየተጋጨ ይጎረዳል። ወደ ኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዓይነት) አደን ሲሄዱ የሚሞሉት ያንን ከሆነ ከአሁኑ ይወቁት።

ስለዚህ ሦስት ነገር በተራ ይለኩ፤ ተራውንም አይቀይሩት።

መጀመሪያ ካሊፐሩን ራሱን ይፈትኑት። መንጋጋዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ጠርገው፣ ዘግተው ዜሮ ያድርጉት፤ ከዚያ አንዱን ጥይት ብቻ ይያዙና እያዞሩ አሥር ጊዜ ይለኩት። አሥሩም ንባብ በአንድ ሺህኛ ወዲያና ወዲህ ውስጥ ካረፉ መሣሪያውም እጅዎም ደህና ናቸው። አንዱ ጥይት ራሱ አምስት ሺህኛ ከተለዋወጠ ግን ሌላውን ሁሉ መመርመር ከንቱ ድካም ነው፤ ጥይቱን አዘንብለው ይዘው፣ መንጋጋውን በተለያየ ኃይል ጨቁነው ወይም በመንጋጋው ቀጭን ስለት በኩል ለክተው ሊሆን ይችላል። የቀለሁ ግርጌ በመንጋጋው ሰፊ ክፍል ላይ ቀጥ ብሎ ይተኛ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ፦ ፕራይመሯ ከግርጌው ጠለል ወጣ ብላ ከተቀመጠች መንጋጋው የሚያርፈው በእርሷ ላይ ስለሆነ ጥይቱ ረዝሞ ይነበባል። ጣትዎን በግርጌው ላይ አሳልፈው ወጣ ያለች ፕራይመር ከተሰማዎት ያ ጥይት ለብቻው ይቀመጥ። በፕሬስ ወይም በመዶሻ ተጭነው ሊያስገቧት ፈጽሞ አይሞክሩ፤ ባሩድ ያለበት ጥይት ነው።

ቀጥሎ ከሳጥኑ አሥር ያልተሞሉ አረሮች ያውጡና ከግርጌ እስከ ጫፍ ለክተው በወረቀት ይጻፉ። በትልቁና በትንሹ መካከል ለምሳሌ 11 ሺህኛ ካገኙ፣ ከ18ቱ ውስጥ 11 ያህሉ ገና ፕሬሱን ሳይነኩ ከሳጥኑ የመጣ ነው ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ትንሽ ገንዘብ ያስወጣዎታል፤ ከአዲስ ፕሬስ ጋር ግን የሚወዳደር አይደለም። ኮምፓሬተር የሚባል፣ በካሊፐሩ መንጋጋ ላይ የሚታሰር፣ ከአረሩ ውፍረት ጥቂት የጠበበ ቀዳዳ ያለው ዕቃ ይግዙ። የአረሩ ጫፍ በቀዳዳው አልፎ ይገባል፤ የቀዳዳው ጠርዝ ግን ቅስቱ ላይ ያርፋል። እንግዲህ የሚያነቡት ከግርጌ እስከ ቅስት ያለውን፣ ማለትም ዳዩ በእርግጥ የሠራውን ርዝመት ነው። የሚያገኙት ቁጥር በእርስዎ ኮምፓሬተር ብቻ ትርጉም ያለው ስለሆነ ከሌላ ሰው ወይም ከመጽሐፍ ቁጥር ጋር አያነጻጽሩት።

አሁን ዳዩን ወደ ማዞርዎ ልመለስ፤ ይህ በጣም የሚያሳስበኝ ነገር ነው። በወጣትነቴ ቶርኖ ላይ ስሠራ አንድ ሙሉ ቀን ዘንግ ሳዞር ዋልሁ፤ እያንዳንዱን ስለካ ከልኩ ፈቀቅ ያለ መሰለኝና ቢላዋውን በየዘንጉ እያስተካከልሁ ቀጠልሁ። ማታ ላይ አለቃዬ መጥቶ ሲለካ ከሠራኋቸው እኩሌታው የማይረቡ ነበሩ። በማግሥቱ ምንም ሳልነካ እንድሠራ አዘዘኝ፤ ሁሉም በልኩ ወጣ። አንድ ቀን ሙሉ ስታገል የዋልሁት ከመለኪያዬ ስህተት ጋር ነበር፤ ስህተቱንም ራሴ ወደ ብረቱ አስገብቼው ነበር።

በእርስዎም የሆነው ይኸው ይመስለኛል። አንድ አረር ጫፉ በስድስት ሺህኛ ረዘመ እንበል። ቅስቱ በትክክለኛው ቦታ ተቀምጧል፤ ካሊፐሩ ግን 2.806 አለዎት፤ ዳዩን በስድስት ሺህኛ አጠበቁት። የሚቀጥለው አረር ጫፉ መካከለኛ ነው፤ ነገር ግን ዳዩ አሁን ስለጠበቀ ከሚገባው በላይ በስድስት ሺህኛ ጠልቆ ገባ፤ ካሊፐሩም 2.794 አለዎት፤ ላላ አደረጉት። በዚህ ዓይነት በጫፉ ላይ ብቻ የነበረው፣ ለተኩሱም ይህን ያህል ለውጥ የማያመጣው ልዩነት፣ አረሩ በቀለሁ ውስጥ ወደተቀመጠበት ጥልቀት ተዛወረ፤ ይህኛው ደግሞ ለውጥ ያመጣል። የእጅ መጠንም አለ። የዳዩ አካል ጥርስ በአንድ ኢንች 14 ስለሆነ አንድ ሙሉ ዙር ወደ 71 ሺህኛ ያስኬደዋል፤ ያዞሩት የዳዩን አካል ከሆነ ስድስት ሺህኛ ማለት በሰዓት ፊት ላይ ከ12 ወደ 1 ያለችው ትንሽ ርቀት ናት። ይህችን በዓይን ግምት በየጥይቱ እየመቱ ማስተካከል ለማንም ይከብዳል።

ከእንግዲህ ደንብዎ ይህ ይሁን፦ ዳዩ አንዴ ከተስተካከለ መቆለፊያ ቀለበቱ ይጠበቅ፤ ቢያንስ አምስት ጥይት በኮምፓሬተር ተለክቶ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ካላዘነበሉ በስተቀር አይነካ።

ከግርጌ እስከ ቅስት ሲለኩ ልዩነቱ በሁለት ወይም በሦስት ሺህኛ ውስጥ ከሆነ ሥራዎ ጥሩ ነው፤ ለአደንም ለልምምድም ከዚህ በላይ መድከም አያስፈልግም። በዚህም ከአምስት ሺህኛ በላይ ካገኙ ግን እውነተኛ ምክንያት አለ ማለት ነው፤ እኔ የምጠረጥረውንም በቅደም ተከተል ልንገርዎት።

አንደኛው ተጠርጣሪ ገፊው ዘንግ ነው። ያገለገለ ዕቃ እንደገዙ ነግረውኛል፤ ዳዩም የቆየ ከሆነ ይፍቱትና በዘንጉ ጉድጓድ ውስጥ የቆየ ቅባት፣ የእርሳስና የመዳብ ፍርፋሪ ተጋግሮ እንደሆነ ይመልከቱ፤ በማጽጃ ፈሳሽና በጥጥ ያጥቡት። ከዚያ የአንዱን አረር ጫፍና ቅስት በጥቁር ማርከር ቀብተው ባሩድና ፕራይመር በሌለው ባዶ ቀለህ ውስጥ ያስገቡት። ማርከሩ በቅስቱ ዙሪያ እንደ ቀለበት ከተፋቀ ዘንጉ በቦታው ነው የሚይዘው። የተፋቀው ጫፉ ላይ ከሆነ ግን የጉድጓዱ ጥልቀት ለዚህ አረር አልበቃም፤ ዘንጉ ጫፉን እየገፋ ነው፤ የጫፉም ልዩነት በሙሉ ወደ ጥልቀቱ ይገባል ማለት ነው። ለቀጫጭንና ረጃጅም አረሮች የሚሆን ሌላ ዘንግ የዳይ ፋብሪካዎች ለብቻው ይሸጣሉ፤ ያንን መለወጥ ይበቃል።

ሁለተኛው የቀለሁ አንገት ነው፤ በእርስዎ ሁኔታ ብዙ የምጠብቀውም ከዚህ ነው። ግማሾቹ የእርስዎ፣ ግማሾቹ ከሜዳ የተለቀሙ ናቸው። የተለያየ ፋብሪካ ቀለህ የአንገት ውፍረቱ የተለያየ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰም አይታወቅም። ነሐስ በተተኮሰና በዳይ በተጨመቀ ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል፤ የጠነከረ አንገት ደግሞ ከተጨመቀ በኋላ እንደ ጸደይ ተመልሶ ይከፈታል፤ ስለዚህ አንዱ ቀለህ አረሩን አጥብቆ ይይዛል፣ ሌላው ላላ አድርጎ። አጥብቆ የሚይዘው ሲመጣ የፕሬሱ ክንድ በእጅዎ ይከብዳል፤ የፕሬሱ አካልና መጋጠሚያዎቹ ጥቂት ይለጠጣሉ፤ ዘንጉም በአረሩ ቅስት ላይ ምልክት እስኪተው ድረስ ይጫናል። አረሩ መግባት ካለበት ቦታ ሳይደርስ ይቀራል። ይህንን ከካሊፐር በፊት እጅዎ ያውቀዋል፤ ክንዱ የከበደዎትንና የቀለለዎትን ጥይት ለየብቻ አስቀምጠው በኮምፓሬተር ቢለኩ ልዩነቱን በዓይንዎ ያዩታል።

እጥበቱም ድርሻ አለው። በብረት መርፌ የታጠበ ቀለህ ውስጡ እንደ መስተዋት ይጠራል፤ በአንገቱ ውስጥ የነበረው ስስ ጥቀርሻ ግን እንደ ቅባት ያገለግል ነበር። እርሱ ሲጠፋ ደረቅ ነሐስ ከደረቅ መዳብ ጋር ይፋተግና አረሩ አንዴ እየያዘ አንዴ እየለቀቀ፣ እየዘለለ ይገባል። መርፌዎቹም የቀለሁን አፍ እየቀጠቀጡ ጠርዙን ወደ ውስጥ ያጥፉታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የአፉን ውስጠኛ ጠርዝ በመሞረጃው ሁለት ሦስት ጊዜ ዞር ዞር ማድረግ፣ ከዚያ አንገቱን በደረቅ የግራፋይት ዱቄት በትንሽ ብሩሽ መንካት። ዘይት አይጠቀሙ፤ ወደ ባሩዱና ወደ ፕራይመሯ ወርዶ ያበላሻል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቀለሆቹን በግርጌያቸው ላይ በተቀረጸው ምልክት መለየትና አንድ ፋብሪካ፣ እኩል ቁጥር የተተኮሱትን ለብቻ መሙላት ነው። አንገትን በእሳት አሙቆ ማለስለስ የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙዎታል፤ እውነትም ይረዳል። ነገር ግን ሙቀቱ ወደ ግርጌው ከወረደ ግፊቱን የሚሸከመውን የቀለሁን ክፍል ስለሚያለሰልሰው፣ ጎረቤትዎ አጠገብዎ ሆነው ካላሳዩዎት በስተቀር ለብቻዎ አይጀምሩት።

ጓደኛዎ ስለ ቆረጣ የነገረዎት በቅን ልቡና ቢሆንም ለዚህ ችግር መልስ አይደለም። አረሩ ሲገባ ቀለሁ የሚቆመው በግርጌው ላይ ነው፤ ዘንጉ የሚወርድበት ልክ የሚቆጠረውም ከዚያው ነው። የቀለሁ አፍ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ የአረሩን ጫፍ አያነሣውም አይጥለውም። በአንድ ሁኔታ ብቻ ልክ ይሆናል፦ ዳዩ አረሩን በሚያስገባበት በዚያው ግፊት የቀለሁንም አፍ ወደ አረሩ የሚጨምቅ፣ ማለትም ክሪምፕ የሚያደርግ ሆኖ ከተስተካከለ፣ ረዥሙ ቀለህ ቀድሞ ስለሚጨመቅ አረሩን መንገድ ላይ ይይዘዋል። እርስዎ ለዒላማ ስለሆነ የሚሞሉት ክሪምፕ አያስፈልግዎትም፤ የዳዩን አካል ከፍ አድርገው አፉን እንዳይነካ ያድርጉት። ቆረጣው ራሱ ግን በሌላ ምክንያት ግዴታ ነው። የ.308 ቀለህ ጣሪያው 2.015 ኢንች ነው፤ ወደ 2.005 ይቆረጣል። ከጣሪያው ያለፈ ቀለህ አፉ በጥይት ማረፊያው ጫፍ ላይ ተጣብቆ አረሩን ቆንጥጦ ይይዝና ግፊቱን አደገኛ ያደርገዋል። ከሜዳ የለቀሟቸውን ሳይለኩ ሞልተው ከሆነ ይህንንም ይፈትሹ፤ የተሞላ ጥይት ላይም የቀለሁን አፍ ከግርጌው መለካት ይቻላል።

ስለ ፕሬሱ ብዙ አልልም። ቀለሁን የሚይዘው ዕቃ ውስጥ ፍርፋሪ ካለ ያጽዱ፤ ክንዱን ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው፣ በአንድ ዓይነት ኃይል ያውርዱት፤ ከጠረጴዛው ጋር የታሰረበት ብሎን ከላላ ያጥብቁት። የእርስዎ ዓይነት ነጠላ ፕሬስ፣ አሮጌም ቢሆን፣ በቀላሉ የሚበላሽ ነገር የለውም። ባሩዱ ተጨምቆ አረሩን መልሶ እየገፋ ይሆናል ብዬም ነበር፤ የሞሉት በመነሻው መጠን ስለሆነ የማይመስል ነው። ቢሆንም ሁለት ጥይት ዛሬ ማታ ለክተው ነገ ጠዋት ቢደግሙት ጥርጣሬው ይነሣል።

ወደ ሳጥኑ እንመለስ። በመጀመሪያ ባሩድም ፕራይመርም የሌለው የናሙና ጥይት ይሥሩ፦ ከለኳቸው አሥር አረሮች ርዝመቱ መካከለኛ የሆነውን መርጠው በ2.800 ያስገቡትና ከግርጌ እስከ ቅስት ያለውን ቁጥር በኮምፓሬተር አንብበው ይጻፉት። ይህ ናሙና በካዝናው ውስጥ በነጻነት ይገባ እንደሆነ፣ ጠመንጃው ውስጥም ሲገባ አረሩ በአፈሙዙ ውስጥ ከተጠረቡት ጠመዝማዛ መስመሮች ጋር ሳይጋጭ መዝጊያው በቀላሉ ይዘጋ እንደሆነ ይፈትሹ። አረሩ መስመሮቹን ከነካ ግፊቱ ይጨምራል፤ ጥይቱን ሳይተኩሱ ለማውጣት ሲፈልጉም አረሩ እዚያው ተጣብቆ ሊቀርና ባሩዱ መዝጊያው ውስጥ ሊፈስ ይችላል። ሜዳ ላይ ለቆመ አዳኝ ይህ ቀኑን የሚያበላሽ ነገር ነው።

ከዚያ ሃምሳዎቹን አንድ በአንድ በኮምፓሬተር ይለኩ። ከናሙናው ቁጥር በሦስት ሺህኛ ወዲያና ወዲህ ያሉት፣ ጠቅላላ ርዝመታቸውም ከ2.810 ያላለፈው፣ ለልምምድ ይሁኑ። ከናሙናው የረዘሙትን ዳዩ በናሙናው ልክ ከተቆለፈ በኋላ አንድ ጊዜ በረጋታ ይግፏቸው። ያጠሩት ናቸው ችግሩ። አረሩ ጠልቆ በገባ መጠን ለባሩዱ ጋዝ የሚቀረው ቦታ ይጠባል፣ ግፊቱም ይጨምራል። የሞሉት በመነሻው መጠን ስለሆነ ጥቂት ሺህኛ አደጋ አያመጣም፤ ከ0.010 ኢንች በላይ ያጠሩትን ግን፣ በተለይ መልሰው የገፏቸውን፣ እንዲፈቷቸው እመክራለሁ። ለዚሁ የተሠራ አረር ማውጫ መዶሻ አለ፤ የዓይን መነጽር አድርገው፣ የአምራቹን መመሪያ ተከትለው ይጠቀሙ። ከወጣው ባሩድ ዓይነቱንና ንጽሕናውን በእርግጠኝነት የማያውቁትን አይመልሱት። ባሩድ ዋጋው እንደሚያሳዝን አውቃለሁ፤ እጅና ዓይን ግን ሌላ አይገዛም።

ሳጥኑን ሲለዩ አንድ ፈተና ደግሞ ይጨምሩ። እያንዳንዱን ጥይት በጣትዎ ይዘው የአረሩን ጫፍ በእንጨት ጠረጴዛ ላይ በእጅ ኃይል ብቻ ይጫኑትና እንደገና ይለኩት። አረሩ ከተንቀሳቀሰ አንገቱ ላልቷል። እንዲህ ያለው ጥይት በካዝና ውስጥ ሆኖ የሌላው ጥይት ተኩስ በነቀነቀው ቁጥር ከካዝናው ፊት ለፊት ግድግዳ ጋር እየተጋጨ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ እርስዎ ሳያውቁት ያጥራል፤ ሲተኮስም ግፊቱ ከጠበቁት በላይ ይሆናል። እሱንም ይፍቱት።

ስለ ጓደኛዎ ጥያቄ መልሴ አጭር ነው፤ እባክዎ አይስማሙ። በአሜሪካ ለራስ መጠቀሚያ ጥይት መሙላት የፌዴራል ፈቃድ አይጠይቅም፤ ለሽያጭ መሙላት ግን ከአልኮል፣ ትምባሆ፣ የጦር መሣሪያና ፈንጂ ቢሮ የሚሰጥ ዓይነት 06 የተባለ የአምራች ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጥይት የሚያመርት ሰው የሚከፍለው 11 በመቶ የኤክሳይዝ ታክስም አለ። ከሕጉ ባሻገር ደግሞ ለአንድ ጠመንጃ ማረፊያ የተስተካከለ ጥይት ለሌላው ላይስማማ ይችላል፤ ገና የራስዎን ሃምሳ ጥይት በማያምኑበት ጊዜ የሌላ ሰው ፊት አጠገብ የሚፈነዳ ነገር በእጅዎ ሠርተው አይስጡ። ጓደኛዎ መማር ከፈለገ ጋራዥዎ ይምጣ፣ በራሱ ቀለህ፣ ለራሱ ጠመንጃ፣ በራሱ እጅ ይሙላ።

ይህን ዓምድ በአገር ቤት ለምታነቡ አንድ ቃል ልጨምር። እዚህ የተጻፈው ሥራው በሕግ በሚፈቀድበት አገር ላለ ሰው ነው። በኢትዮጵያ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ጥይት ያለ ፈቃድ ማምረት የተከለከለ ነው።

አዳኛችን ሆይ፣ ሦስቱን ልኬቶች ሲጨርሱ የአሥሩን አረሮች ርዝመትና የአሥር ጥይቶችን ከግርጌ እስከ ቅስት ያለ ቁጥር በሁለት ረድፍ ጽፈው ይላኩልኝ፤ ክንዱ የከበደዎት የትኞቹ እንደሆኑም ከጎናቸው ምልክት ያድርጉ። በሁለቱ ረድፎች ላይ ሆነን የቀረውን አብረን እናየዋለን።